ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ

ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣበት ዕቃ የጉዳዩን ግማሽ ይነግረኛል። ነጋዴ በቦርሳ፣ ጡረተኛ በካኪ ፖስታ ይመጣል። ቤት ገዝቶ የተጣላ ሰው ግን ሁልጊዜ በጥቁር ፌስታል ነው። ምናልባት ብሩን ለሻጩ የወሰደበት ፌስታል ይሆናል፤ ብሩ ቀርቶ ፌስታሉ የተመለሰ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ካለችው ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ወጥቶ ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። የሻጭ መታወቂያ ኮፒ፣ የካርታ ኮፒ (የኮፒ ኮፒ ነው፤ ማህተሙ እድፍ መስሏል)፣ ሁለት የባንክ ደረሰኝ፣ በመጨረሻ አራት ጊዜ የታጠፈ አንድ ገጽ። ርዕሱ በደማቁ "የቤት ሽያጭ ውል" ይላል። ሻጭ ፈርሟል፣ ገዥ ፈርሟል፣ ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ደላላው ነው። የት እንደተጻፈ አልጠየቅሁትም። ጠርዙ ላይ የማኪያቶ ብርጭቆ ክብ አትሞበታል።

"ጠበቃ፣ ጥያቄዬ አንዲት ናት" አለኝ። "ሰውዬው ስም አላዛውርም ብሏል። በሕግ ማስገደድ እችላለሁ፣ አይደል?"

ሕጉን ስነግረው አላመነኝም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ በአንቀጽ 1723 የሚለው አንድ ነው፤ የቤት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ መሆኑ አይበቃም፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መደረግ አለበት። ዛሬ ይህን የሚሠራው ሕዝቡ በአጭሩ "ውልና ማስረጃ" የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉ ያዘዘው ፎርም ካልተሟላስ? አንቀጽ 1720 የተጠቀመበት ቃል ስንት ጊዜ ባነበውም ይገርመኛል፤ ውል የለም፣ ያለው ረቂቅ ነው ይላል። ሁለት ፊርማ፣ ሦስት ምስክር፣ ስምንት መቶ ሺህ ብር ቀብድ። ረቂቅ።

ሰውየው ባያምነኝ አልፈርድበትም። ዳኞችም ቢሆኑ በዚህ ነገር ለብዙ ዓመት አልተስማሙም ነበር። አንዱ ችሎት አንቀጽ 2877ን ይዞ "ሕጉ የጠየቀው ጽሑፍ ብቻ ነው" ሲል፣ ሌላው 1723ን ይዞ ያንኑ ዓይነት ውል ውድቅ ያደርግ ነበር። በ1999 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ክርክሩን ቆረጠው፤ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። የሰበር ትርጉም ደግሞ በየትኛውም እርከን ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። በኋላ ሻጩ ራሱ ችሎት ቆሞ "አዎ ሸጫለሁ" ሲል ነገሩ ለዘብ ብሎ የታየበት አጋጣሚ አለ። ነገር ግን በዚህ ከተማ፣ ውሉ ሲፈረም የነበረው ዋጋ በስድስት ወር በማይታወቅበት ገበያ፣ በገዛ አፉ "ሸጫለሁ" ብሎ የሚያምን ሻጭ ምን ያህል አለ? ያመነማ ቀድሞም ስም ያዛውራል፤ ልደታም አይመጣም።

"እሺ፣ ቤቱ ይቅር። ቀብዱን እጥፍ አድርጎ ይከፍለኛላ!" አለኝ ቀጥሎ።

ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እውነትም አንቀጽ 1885 ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፣ የሰጠ ወገን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል ይላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር። ሆኖም ቀብድ ውል መደረጉን የሚያሳይ ምልክት ነው። ውሉ ራሱ ረቂቅ ነው ከተባለ እጥፉ የሚቆምበት መሬት ይሸሻል፤ ተከራካሪዎች ወደነበሩበት ይመለሱ ይባላል፣ ስምንት መቶው ስምንት መቶ ሆኖ ይመለሳል። በሁለት ዓመት ክርክር ውስጥ ስምንት መቶ ሺህ ብር ምን እንደሚሆን ደግሞ ሲሚንቶ ሻጮችን መጠየቅ ነው።

ሰውየው ቂል አይደለም። ይህን የምለው አንባቢ እንዳይስቅበት ነው። ቤቱን አራት ጊዜ አይቶታል፣ አንዱን ጊዜ ሆን ብሎ በዝናብ ቀን። ግድግዳውን በጣቱ ጭሯል፣ የቧንቧ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከጎረቤት ጠይቋል፣ የሻጩን ጠባይ ከሠፈሩ ዕድር ዳኛ ሳይቀር አጣርቷል። ያላየው አንድ ነገር ማህደሩን ብቻ ነው። የእኛ ሰው ቤት ሲገዛ ቤቱንና ሰውየውን ይገዛል። ሕጉ ግን ቤቱንም ሰውየውንም አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው ክፍለ ከተማ መደርደሪያ ላይ ያለችውን ማህደርና ውስጧ የተጻፈውን ስም ነው። ጥያቄዎቹም ሁሉ፣ መልካቸው ቢለያይም፣ ወደ እኔ የሚመጡት ከዚህ ክፍተት ነው።

ይህን ስል ከላይ ሆኜ እንዳልናገር አንድ ነገር ልናዘዝ። የዛሬ ስንት ዓመት እኔ ራሴ የጠበቃ ፈቃዴን ኪሴ ይዤ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት መኝታ ቤት ቀብድ ልከፍል እጄን ዘርግቼ ነበር። ደላላው "ሌላ ገዥ ከአዳማ እየመጣ ነው" አለኝ። ይህን አነጋገር ከደንበኞቼ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ግን የሰማሁት እንደ ጠበቃ አልነበረም፤ ባለቤቴ ኩሽናውን ወድዳው ነበር። ያዳነኝ የባንኩ ኔትወርክ መጥፋቱ ነው። ሰኞ ማህደሩን ሳስወጣ ቤቱ በባንክ መያዣ የተያዘ፣ ላዩ ላይ ደግሞ የፍርድ ቤት ዕገዳ የተደረበበት ሆኖ ተገኘ። መያዣ የተመዘገበበት ቤት ባለቤቱ ቢለወጥም ዕዳው አብሮት ይሄዳል። ባንክ ደግሞ በአዋጅ 97/1990 መሠረት ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሻጩ ስለዚህ ሁሉ ትንፍሽ አላለም። ስጠይቀው "እሱማ ስትከፍሉኝ የሚዘጋ ነው" አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ስለዚህ "መጀመሪያ ምን ላድርግ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ሻጩን ይዘህ ክፍለ ከተማ ሂድ፣ ዋናውን ካርታ ከማህደሩ ጋር ያመሳክሩልህ፣ ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ውሰድ። ያ ጽሑፍ ትናንት የወጣ ይሁን፣ የዛሬ ሦስት ወር አይሁን፤ ዕገዳ በአንድ ቀን ጠዋት ይገባል። ካርታ ያለው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ የሚገመተው በአንቀጽ 1195 ነው፤ ግምት ስለሆነ ግን በማስረጃ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየም። ከአሥር ጥያቄ አራቱ የዚህ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ቃል በቃል አንድ ነው፦ "በውክልና ገዝቼ ነበር…"

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕጣ የደረሰ የጋራ መኖሪያ ቤት ከመውረስ በቀር አምስት ዓመት ሳይሞላ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ክልከላ አለ። የደረሰው ሰው ግን ቅድሚያ ክፍያው ጎድሎታል ወይም ገንዘብ ቸግሮታል። ገዥም አለ። ስለዚህ በመሐል አንድ ብልሃት ተፈጠረ፤ ገዥ ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል፣ ሻጭ ደግሞ "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስሙ እንዲያዞር" የሚል ውክልና ይሰጠዋል፣ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ስም ይዛወራል ይባባላሉ። ጠንቃቃ የሆነው ገዥ ኑዛዜም ያስጽፋል። ውክልናው ላይ "የማይሻር" የምትል ቃል ያስጨመረ ደግሞ ቤቱን ሙሉ ለሙሉ ያገኘ ይመስለዋል።

ውክልና ግን የባለቤትነት ወንድም አይደለም። ወካዩ በፈለገው ጠዋት ይሽረዋል፤ "የማይሻር" ተብሎ ቢጻፍበትም ሕጉ ያንን ቃል አይሰማውም። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ይሞታል፣ ወራሾቹም በሩን ያንኳኳሉ። ክልከላው ባለበት ዘመን የተደረገው ሽያጭ ደግሞ ሕግን የሚቃረን ነውና ፍርድ ቤት ሄደህ "ይጽናልኝ" ብትል የሚያጸናልህ አታገኝም። አንድ መምህር ደንበኛዬ ቤቱ ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሯል፣ ሴራሚክ አንጥፏል፣ ልጁን ዳዴ ያስተማረው እዚያ ሳሎን ነው። ሻጭዋ ሞተች። ልጆቿ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥተው መጡና "ጋሼ፣ እርስዎ ተከራይ ነዎት ወይስ ምን ነዎት?" አሉት፤ በአክብሮት። የመለሱለት ከብዙ ድርድር በኋላ የከፈለውን ዋጋና የሴራሚኩን ወጪ ነው። የቤቱ የዚያን ጊዜ ዋጋ ከከፈለው አራት እጥፍ በላይ ነበር። እሱ ግን ከብሩ ይልቅ የማይረሳው ያቺን "ምን ነዎት?" የምትል ቃል እንደሆነ ነግሮኛል።

ውክልናን ካነሣን አይቀር፣ ከውጭ አገር በሚላክ ውክልና ቤት ለመግዛት ለሚጠይቁኝ አንድ ነገር እላለሁ። "ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድር" የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። አንቀጽ 2205 ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና አዲስ አበባ ሲደርስ ገና መንገድ ይቀረዋል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የውልና ማስረጃ ማህተም ሳያርፍበት ሥራ ላይ አይውልም። ከሁሉ በላይ ግን ወካዩ በሕይወት መኖሩን አጣሩ። ስልክ ደውሉ፣ በቪዲዮ። ነውር አይደለም።

የትዳር ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሁለት ተቃራኒ በር ነው። በአንዱ ሚስት ትመጣለች፤ "ባለቤቴ ቤታችንን ሳልፈርም ሸጦታል።" በሌላው ገዥ ይመጣል፤ "ሚስት የለኝም ብሎኝ ነበር፤ ያላገባ ወረቀትም ከወረዳ አምጥቶ ነበር።" ሁለቱም ስለ አንድ ሕግ ነው የሚያወሩት። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ያስረዳ ይላል። የጋራ ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየት፣ ለማስያዝ የሁለቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሳይፈቅድ የተሸጠበት ወገን ውሉን ማስፈረስ ይችላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ካወቀ በስድስት ወር፣ ባያውቅም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ። ብዙ ሴቶች በስድስት ወሩ ውስጥ የሚሄዱት ወደ ሽማግሌ ነው። ወደ እኔ ሲመጡ ሰባተኛ ወር ላይ ናቸው።

ያላገባ ወረቀት ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ አለመኖሩን ይናገር ይሆናል እንጂ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የኒካሁን፣ የሽማግሌውን ጋብቻ አያይም፤ እነዚህ ሁሉ በሕግ ጋብቻ ናቸው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት አብረው የኖሩም ቢሆኑ በመሐል ያፈሩት ንብረት የጋራቸው ነው። ስለዚህ ገዥን የምመክረው አሮጌ ምክር ነው፤ ወረቀቱን ተቀበል፣ ከዚያ ግን እቤታቸው ቡና ጠጣ። ቡናውን ያፈላችው ማን እንደሆነች ታያለህ።

ይኸው የጋራነት ሕግ በማያስቡት ሰው ላይ ሲያርፍ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ጅዳ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት የሠራች ልጅ መጣች። በየወሩ ለወንድሟ ብር ትልክለት ነበር፣ በሐዋላ፣ በምትመጣ ጓደኛ እጅ። ወንድሟ ቦታ ገዝቶ ባለሦስት ክፍል ቤት ሠራ፤ ካርታው በእሱ ስም ወጣ፤ "አንቺ እስክትመጪ" ተባለ። በመሐል አገባ። ስትመለስ ወንድሟ አልካዳትም። የካዷት ካርታውና የወንድሟ ሚስት ናቸው፤ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ ተሠርቷል፣ በባል ስም ተመዝግቧል፣ ስለዚህ የባልና የሚስት ነው። የወንድሟ ሚስትም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሲሚንቶ ሲራገፍ ለሠራተኛ ምሳ የሠራችው እሷ ናት።

"ደረሰኝ አለሽ?" አልኳት። ያላት ሁለት ብቻ። ሌላውን ሁሉ በቃል ነው። ከዚያ ስልኳን አወጣችና የወንድሟን የድምጽ መልእክቶች ወደ ኋላ እየገፋች አንዱን ከፈተችልኝ። ከአራት ዓመት በፊት የተላከ ነው። የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ወንድሟ እየሳቀ፦ "እትዬ፣ ስሚ፣ የቤትሽ ቆርቆሮ እየተመታ ነው!" ሁለታችንም ዝም አልን። "የቤትሽ" የሚለውን ቃል እሷ እስከዚያች ሰዓት ልብ አላለችውም ነበር። እኔ ይህን ችሎት ይዤ ብሄድ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው እርግጠኛ አልነበርኩም። ችሎት ግን አልደረሰም። የወንድሟ ሚስት ራሷ ሽማግሌዎች ፊት መልእክቱን ሰማችው። ቤቱን ለሁለት ከፈሉት፣ ስምምነቱም ፍርድ ቤት ቀርቦ ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ ውጭ ላሉ ዘመዶቻችን የምለው ይኸው ነው፤ ዜግነታችሁን ካልቀየራችሁ በራሳችሁ ስም ለመግዛት ማንም አይከለክላችሁም፣ ዱባይም ሁኑ ቤይሩት። ዜግነት የቀየሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ቢጫ ካርዱን ይዘው በአዋጅ 270/1994 መሠረት ቤት ማፍራት ይችላሉ። በወንድም ስም መግዛት ግዴታ ሳይሆን ልማድ ነው።

ሌሎቹ ጥያቄዎች ብዙም አያቆዩኝም። "ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን ብንጽፍ ግብር ይቀንስልናል?" ክፍለ ከተማው የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ብልሃቱ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ግን አምስት ሚሊዮን ከፍለህ ውሉ አንድ ሚሊዮን ይላል፣ የተጻፈ ውልን በምስክር ማስተባበል ደግሞ አይቻልም። "መሬቱም የእኔ ነው?" አይደለም፤ ከ1967 ዓ.ም አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ አልተሸጠም፣ የምትገዛው ቤቱን ነው። ነባር ይዞታ በሽያጭ ሲተላለፍም ወደ ሊዝ ይገባል፤ ይህን ሳያሰሉ ዋጋ የሚነጋገሩ አሉ። "ተከራዬን አስወጥቼ ልሽጥ?" ቀስ በል፤ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። "ጎረቤቴ የኮንዶሚኒየሙን ኮሪደር በብረት በር ዘጋው።" የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ መጀመሪያ ማኅበሩን፣ እኔን በመጨረሻ። "አባታችን ሲሞት እናታችን ትወርሳለች?" ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ እናታችሁ ግን ግማሹ መጀመሪያውኑ የራሷ ነው፣ ውርስ ውስጥ አይገባም። ይህን ስነግራቸው አንዳንድ ልጆች ፊታቸው ይጠቁራል። እኔም ያኔ የእናትየዋን ስልክ ቁጥር እጠይቃለሁ።

ፌስታል ይዞ የመጣው ሰውዬ ስምንት መቶ ሺው ተመልሶለታል፤ ክስ ከተመሠረተ በኋላ፣ በድርድር። እጥፉን ተወው። ተሰነባብተን ስንለያይ "ሁለተኛ ሳላማክርህ ቤት ደጃፍ አልረግጥም" ብሎ ምሎ ነበር።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬ ጠራ። እሱ ነው። ከበስተጀርባ የብርጭቆና የማንኪያ ድምፅ ይሰማኛል።

"ጠበቃ፣ ይኸው ቃሌን ጠበቅሁ፤ ከመፈረሜ በፊት ደወልኩ። ሻጩም እዚሁ ነው፣ ውሉም ተጽፏል። ልፈርም?"

"ማህደሩን አየኸው?"

"ዛሬ እሁድ ነዋ፣ ክፍለ ከተማ ዝግ ነው።"

"እንግዲያ ነገ ሰኞ…"

ቃሌን ሳልጨርስ ከወዲያ በኩል ሌላ ድምፅ ተሰማ፤ ፈጠን ያለ፣ የደላላ ድምፅ። "ከአዳማ እየመጣ ነው በለው!"